የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባለቤቴን ወንድም ልጅ እናሳድግ ወይስ ከማሳደጊያ እንውሰድ?

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከፍኖተ ሰላም፣ ከማቻከልና ከእንጅባራ የደረሱን ናቸው። ሦስቱም ጠያቂዎች ያልወለዱትን ልጅ ስለ ማሳደግ የሚጨነቁ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ብዙ ነገር ስላነሡ አብዛኛውን ቦታ ለእርሳቸው ሰጥተናል። ስማቸውን ያላወጣነው በራሳቸው ፈቃድ ነው።

ጥያቄ 1

የ38 ዓመት ሴትና መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ 44 ዓመቱ ሲሆን በእህል ንግድ ይተዳደራል። ሁለቱም የማኅፀን ቱቦዎቼ መዘጋታቸውን ባሕር ዳር ተመርምሬ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ የባለቤቴ ምርመራ ግን ጤናማ ነው። አዲስ አበባ ሄደን ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ የሚፈጠርበትን ሕክምና ለመሞከር አስበን ነበር፤ ወጪውንና ዕድሜዬን ስናሰላ ተውነው። ስለት ያልተሳልሁበት፣ ጸበል ያልተጠመቅሁበት ደብር የለም። አሁን ሁለታችንም ልጅ ማሳደግ እንፈልጋለን፤ የተቸገርነው በመንገዱ ነው።

አማቴ «የራሳችሁ ደም እያለ የባዳ ልጅ ምን ያደርግላችኋል፣ የወንድሙን ልጅ ውሰዱ» ይላሉ። ዋርሳዬ፣ ማለትም የባለቤቴ ወንድም፣ ቋሪት የሚኖር ገበሬና የአምስት ልጆች አባት ነው፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጁን «ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ናት» ብሎ በሽማግሌ ፊት ሰጥቶናል። እኔ ግን ነገ ስንጣላ «ልጄን መልሱ» ይለናል ብዬ እፈራለሁ። ደግሞም የማን ልጅ እንደሆነች አገር ስለሚያውቅ መቼም ቢሆን «እማዬ» አትለኝም። ስለዚህ ወላጆቹ ያልታወቁ ጨቅላ ሕፃን ከማሳደጊያ ወስጄ፣ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ጥቂት ወራት ተቀምጬ፣ እንደ ወለድሁ ሆኜ ብመለስ ይሻል ይሆን እላለሁ። ባለቤቴ በዚህ አይስማማም፤ እንዲያውም ሰሞኑን «ልጅቷን ለጊዜው በአደራ እንያዛትና እንየው» ማለት ጀምሯል። ቡና የሚጠሩኝ ጎረቤቶቼ ደግሞ «የሰው ልጅ ስታሳድጊ የራስሽ ማኅፀን ይከፈታል» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? የባለቤቴ ወንድሞችስ ነገ ቤቱንና ንብረቱን ከምናሳድገው ልጅ ላይ ሊነጥቁ ይችላሉ?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ አማትዎ ተናግረዋል፣ ዋርሳዎ ተናግሯል፣ ባለቤትዎና ጎረቤቶችዎ ተናግረዋል፣ ሽማግሌዎችም ቃል ተቀብለዋል፤ የልጅቷ እናት ግን አንድም ቦታ ላይ አልተነሣችም። አባት ልጁን ለወንድሙ መስጠቱ በአገራችን የኖረ ነገር በመሆኑ ሆን ብለው የዘለሏት አይመስለንም። ሕጉ ግን አይዘላትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 የልጁ ወላጆች በሕይወት ካሉና የሚታወቁ ከሆነ ለጉዲፈቻው የአባትም የእናትም ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል፤ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ያወጣው የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻን በመሠረቱ በዚሁ መንገድ ይመለከተዋል። ስለዚህ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ሐሳቧን መጠየቅ የሚገባት እናቲቱ ናት፤ እርሷም ብትሆን ባሏና አማቷ በተቀመጡበት ሳይሆን፣ እርስዎ ራስዎ ቋሪት ድረስ ሄደው ለብቻዋ ቢያነጋግሯት ይመረጣል። ችግር አስገድዷት፣ ወይም እንቢ ብትል ከባሏ ዘመዶች ጋር የምትቀያየም መስሏት ዝም ያለች እናት ኀዘኗን ለዓመታት ይዛ ትኖራለች፤ ልጅቷም ለበዓል ወደዚያ በሄደች ቁጥር ያንን ኀዘን ከእናቷ ፊት ታነበዋለች። እናቲቱ አልፈልግም ካለች ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። የልጅቷን የትምህርት ወጪ መሸፈን ግን ያኔም ቢሆን የሚከለክላችሁ የለም።

እናቲቱ ከልቧ ብትስማማ እንኳ፣ በሽማግሌ ፊት የተነገረው ቃል ገና ጉዲፈቻ አይደለም። ጉዲፈቻ የሚጀምረው በአድራጊዎቹና በልጁ አሳዳሪ (በሕግ የልጁ ኃላፊ በሆነው ሰው) መካከል በሚደረግ ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነቱን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ምንም ውጤት የለውም። ዳኛው ከማጽደቁ በፊት የጉዲፈቻ አድራጊዎቹን የማሳደግ ችሎታ ያጣራል፣ የአሳዳሪውን አስተያየት ይሰማል፣ የልጁንም ሐሳብ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለይስሙላ የሚደረግ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ባየው ጉዳይ፣ ዳኛው ትልልቆቹን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥቶ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናትን ልጅ ከመዝገብ ጸሐፊዋ አጠገብ አስቀመጣትና በቅድሚያ የጠየቃት «ፀጉርሽን ማን ሠራሽ?» ብሎ ነበር። ልጅቷም «እታለም ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሠራኛለች። ሲያመኝ እንዳላለቅስ ተረት ትነግረኛለች» አለች። እታለም የምትላት ልታሳድጋት የጠየቀችውን አክስቷን ነበር። የደመወዝና የቤት ማስረጃው የተገለበጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ዋርሳዎ ሐሳቡን ቢለውጥ «መልሱልኝ» ሊል ይችላል ወይ ላሉት፣ ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ከጸደቀ አይችልም። ጉዲፈቻ በመርሕ ደረጃ አይሻርም። ፍርድ ቤት ሊሽረው የሚችለው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ወይም ባርነትን በሚመስል ሁኔታ ከያዘው፣ ጥቅም ለማግኘት ሲል ለግብረ ገብ ተቃራኒ በሆነ ሥራ ካሰማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ በሌላ መንገድ ካንገላታው ነው። በሌላ በኩል ሕጉ ልጁን ከወለዱት ሰዎች ጨርሶ አይቆርጠውም፤ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና ይቀጥላል፣ በሁለቱ መካከል መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ፍርድ ቤቶቻችን የወላጅነትን መብት ከልጁ ጥቅም በላይ እንደማያስቀምጡት ለማየት፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ማስታወስ ይበቃል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ለረጅም ዓመታት ያሳደገችው አክስት ስትሆን፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልነበረው አባት በኋላ መጥቶ በአባትነቱ አሳዳሪነቱን ሲጠይቅ፣ ችሎቱ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም እንደሚቀድም በመግለጽ ለአክስቲቱ ፈርዷል። ጉዳዩ ስለ አሳዳሪነት እንጂ ስለ ጉዲፈቻ አልነበረም፤ የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም ግን በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶች የሚከተሉት ነው።

«እማዬ አትለኝም» ያሉት ነገር ከሁሉ በላይ እንዳሳመመዎት ከጽሑፍዎ ይታያል። የስድስት ዓመት ልጅ እናቷን ታውቃለች፤ ያንን ስም ከእናቷ ነጥቃ ለእርስዎ እንድትሰጥዎ ማስገደድ አይገባም። በአያቶቹ ቤት ያደገ ሰው አያቱን «እናቴ» ብሎ የወለደችውን በስሟ ሲጠራ ያልሰማ ጎጃሜ ያለ አይመስለንም፤ ይህንንም ማንም አስተምሮት አይደለም። ልጅቷ መጀመሪያ «እትዬ» ትልዎ ይሆናል፤ ታማ ባደረችበት ሌሊት ወይም በትምህርት ቤት አጥር ሥር ጓደኞቿ ሲሰሙ ሌላ ስም ይወጣት ይሆናል፤ ላይወጣትም ይችላል። መጥሪያው የሚዘገይበትን ጊዜ ታግሠው መቆየት የማይችሉ ከመሰለዎ፣ ይህን አሁኑኑ ለራስዎ ማመን ልጅቷ ቤትዎ ከገባች በኋላ ከማመን ይሻላል።

ስለ ዘመድ ልጅ ስንጽፍ አንድ የምንፈራውን ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ከስናን፣ ከጎዛምን ወይም ከደጋ ዳሞት «ላስተምራት» ተብለው ወደ ከተማ የሚመጡ ሴት ልጆች ብዙዎቹ ከሁሉ ቀድመው የሚነሡ፣ ከሁሉ በኋላ የሚተኙ፣ የቤቱ ልጆች ቀን ሲማሩ እነርሱ የማታ የሚማሩ ናቸው። የሚያሳድጓቸው ሰዎች ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ የልጅቷ ቦታ በቃል እንጂ በጽሑፍ ስላልተወሰነ፣ ቤት ውስጥ ሥራ በበዛ ቁጥር ልጅነቷ በዚያው ልክ እየቀነሰ ይሄዳል። እናንተ ሌላ ልጅ ስለሌላችሁ አደጋው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አማትዎ ቢታመሙና የሚያስታምም ሰው ቢያስፈልግ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ማን እንደሆነች ከባለቤትዎ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሁለተኛውን ሐሳብዎን፣ ማለትም ሄዶ እንደ ወለዱ ሆኖ መመለስን፣ አንደግፈውም። በመጀመሪያ ያልወለዱትን ልጅ ወለድሁ ብሎ ማስመዝገብ በወንጀል ያስጠይቃል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 ልደትን ብቻ ሳይሆን ጉዲፈቻንም ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ነገር ስላደረገው፣ ቀጥተኛው መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ በጠማማው የሚገቡበት ምክንያት የለም። ሕጉን እንተወውና፣ ምስጢሩን እህትዎ ያውቃሉ፣ ባለቤትዎ ያውቃል፣ የማሳደጊያው ሠራተኞች ያውቃሉ፣ ባሕር ዳር የመረመረዎ ሐኪም ያውቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ልጁ የሚሰማው ብዙ ጊዜ በጎረቤት ጠብ መካከል ነው፤ የሰማውም ነገር እውነት መሆኑን ሲያረጋግጥ የሚጠላው የወለዱትን ሳይሆን የዋሹትን ነው።

ከዚህም በላይ በእኛ አገር ብቻ የሚገባ ምክንያት አለ። ጎጃም ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተጫጩ ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ይቆጥራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ትውልዱ የተደበቀበት ልጅ አድጎ ሊያገባ ሲል የሚቆጠርለት ዘር የእርስዎና የባለቤትዎ ነው፤ የገዛ እህቱን ሊያገባ ቢሆን እንኳ በቆጠራው ላይ የተቀመጠ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ጉዲፈቻነቱ በግልጽ የታወቀ ልጅ ግን፣ ወላጆቹ ባይታወቁም፣ ቢያንስ ምን እንደማያውቅ ያውቃል፤ የተገኘበትን ቦታና ቀን ይዞ ሊጠይቅ ይችላል። ለልጁ በሦስትና በአራት ዓመቱ በሚገባው ቋንቋ መንገር የጀመሩ ወላጆች አንድ ቀን ቁጭ አድርገው የሚነግሩት ከባድ ወሬ አይኖርባቸውም። ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱበት ቤትም ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሙሴን የፈርዖን ልጅ፣ አስቴርን መርዶክዮስ እንዳሳደጓቸው በመጽሐፉ የተጻፈው ሳይደበቅ ነው።

ይህን ስንል ከማሳደጊያ ልጅ አይውሰዱ ማለታችን አይደለም። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ዜጎች የሚያደርጉትን ጉዲፈቻ ካስቀረች ወዲህ፣ ቤተሰብ የሌላቸው ልጆች ቤት የሚያገኙት በእኛው ዘንድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 መንግሥት ለእጓለ ማውታን (ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች) ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንዲያበረታታ ይደነግጋል። ለዚህ የሚሄዱት ወደ ከተማዎ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤታችሁን መጥቶ ያያል፤ የጋብቻ፣ የገቢና የጤና ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ደግሞ ለጉዲፈቻ ከመቅረቡ በፊት በፖሊስ በኩል ቤተሰቡ ሊፈለግ ይገባል። ይህ ፍለጋ ሲጓተት የሚበሳጩ ባለትዳሮች አሉ፤ ነገር ግን በተለይ በእነዚህ የግጭት ዓመታት በመንገድ ላይ ከእናቱ የተለየ ሕፃን ሁሉ ወላጅ አልባ አይደለም፤ እናቱ በሌላ ወረዳ መጠለያ ውስጥ እያለቀሰች ይሆናል። ማሳደጊያ ውስጥ ብዙ የሚቆዩት ጨቅሎቹ ሳይሆኑ ከፍ ያሉት ልጆችና የማይነጣጠሉት እኅትማማቾች መሆናቸውንም ከመወሰንዎ በፊት ያስቡበት።

ባለቤትዎ «በአደራ እንያዛትና እንየው» ያሉት ነገር አሳስቦናል። የአደራ ቤተሰብ የሚባለው ሥርዓት አለ፤ የራሱ ቤተሰብ ለጊዜው ሊይዘው ያልቻለን፣ ወይም ቤተሰቡ እየተፈለገለት ያለን ልጅ በጽሕፈት ቤቱ ክትትል ሥር ተቀብሎ፣ ቤተሰቡ ሲገኝ ወይም ሲያገግም መልሶ መስጠት ነው። ልጁ ወራሽ አይሆንም፣ ስምም አይለውጥም፤ ቤተሰቡ ጨርሶ ካልተገኘ ግን ነገሩ ወደ ጉዲፈቻ ሊያመራ ይችላል። ልጁን ለመሸኘት አቅም ያላቸው ሰዎች የሚሠሩት ትልቅ ሥራ ሲሆን፣ ልጅ ባለማግኘት ለዓመታት ለቆሰለች ሴት ግን ከሁሉም ይልቅ የሚከብደው መንገድ ይህ ይመስለናል። ባለቤትዎ ያሰቡት ግን ይህ እንኳ አይደለም። እርሳቸው ያሉት የወንድማቸውን ልጅ አምጥተው ካልተስማማቸው ሊመልሷት ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ተሞክራ የምትመለስ ዕቃ አይደለችም። የተጋባ ሰው ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ ስለማይችልና ሁለታችሁም መፈረም ስላለባችሁ፣ የባለቤትዎ ልብ እስኪቆርጥ ድረስ ልጅቷ ከእናቷ ቤት ባትነሣ ይሻላል። ምናልባትም ያልነገሩዎት ነገር ይኖር ይሆናል፤ ከወንድም ልጅ ይልቅ ከሩቅ መውሰድን ይመርጡ ይሆናል፣ ወይም እናታቸውን ፈርተው ይሆናል፤ ያንን እኛ ሳንሆን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።

ማኅፀን ስለ መከፈቱ የሚወራውን አይስሙት። የተዘጋ ቱቦ ልጅ ቤት ስለ ገባ አይከፈትም፤ «አሳደገችና ወለደች» የሚባልላቸው ሴቶች ያለዚያም የመውለድ ዕድል የነበራቸው ናቸው። ልጅን እንደ መድኃኒት ወደ ቤት ማስገባት ደግሞ መድኃኒቱ ባልሠራ ጊዜ ልጁን ጥፋተኛ ያደርገዋል። ሕክምናው ገና ልብዎ ውስጥ ካለ፣ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል መኖሩን ልናስታውስዎ እንወዳለን፤ ተወው ካሉም በቁርጥ ይተዉትና ኀዘኑን ይዘኑት። ያልተዘነ ኀዘን ይዘው ልጅ የተቀበሉ ሰዎች፣ ልጁ ያልተወለደውን ልጅ እንዲመስልላቸው ይፈልጋሉ።

ወደ ውርሱ እንምጣ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የጉዲፈቻ ልጅ በውርስ ጊዜ የሚቆጠረው እንደ ተወለደ ልጅ ሲሆን፣ ልጅ ባለበት ደግሞ ወንድምና እኅት ከኑዛዜ ውጭ አይወርሱም። የባለቤትዎ ወንድሞች ጉዲፈቻውን በግልጽ የተቃወሙ እንደሆነ ልጁ የእነርሱ ዘመድ ላይሆን ይችላል፤ የእናንተ ልጅ ከመሆን ግን አያግዱትም። ልጅቷ በቃል ብቻ ከቀረች ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ባለቤትዎ ሲሞቱ ወላጆቻቸው፣ እነርሱ ከሌሉም ወንድሞቻቸው ቀድመው ይወርሳሉ፣ ልጅቷም ከወንድም ልጅነት አታልፍም። ለእርስዎ ድርሻ ደግሞ በሕግ ዓይን ባዳ ናት። ገጠር ውስጥ የእርሻ መሬት ካላችሁ የሚተላለፈው በራሱ ሕግ ስለሆነ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለብቻው ጠይቁ።

ጥያቄ 2

ማቻከል የምኖር የ67 ዓመት ገበሬ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ሳንወልድ ቀርተን የእርሷን የእኅት ልጅ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ አሳድገናል። እንደ አባቶቻችን ወግ አውራ ጣቴን ማር ነክሬ አጥብቼው የጡት ልጄ አድርጌዋለሁ፤ ማኅበረተኛው ሁሉ ምስክር ነው። አሁን 22 ዓመቱ ሆኗል፣ የሚያርስልኝም እርሱ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የወንድሜ ልጆች «ባዳ ነው፣ አይወርስም» እያሉ ያስፈራሩታል። ጉዲፈቻውን አሁን በፍርድ ቤት ላድርገው?

መልስ

አባታችን፣ ለጉዲፈቻ ጊዜው አልፏል። ሕጉ የሚፈቅደው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ነው፤ የማሩ ወግም፣ ስንትና ስንት ትውልድ የኖረበት ቢሆንም፣ ፍርድ ቤት ባላጸደቀው ስምምነት ቦታ አይቆምም። የሚቀርዎ ኑዛዜ ነው፤ እርሱም ዛሬውኑ ይደረግ። በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ፣ ለእርስዎና ለምስክሮቹ ተነቦ፣ ወዲያውኑ በሁላችሁም መፈረም አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ ይህኛው መንገድ በኋላ ለመካድ ስለሚከብድ የምንመክርዎ እርሱን ነው። ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ፍርድ ቤት ያስቀምጡ። የራስዎ ተወላጅ ስለሌለዎ የወንድምዎን ልጆች ለማስቀረት ምክንያት መጻፍ አይጠበቅብዎትም፤ በኑዛዜው ላይ ሙሉ ወራሽዎ ማን እንደሆነ በግልጽ መናገር ይበቃል።

ነገር ግን ሊናዘዙ የሚችሉት የራስዎን ድርሻ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። በጋብቻ ውስጥ ካፈራችሁት ንብረት ግማሹ የባለቤትዎ ነበር፤ በሕጋችን ባል የሚስቱ ወራሽ ስላልሆነ፣ ኑዛዜ ካልተዉና ወላጆቻቸው በሕይወት ከሌሉ ድርሻቸው ለእኅትና ወንድሞቻቸው ይሄዳል። ከእነዚያ አንዷ የልጁ ወላጅ እናት ናት። የወንድምዎ ልጆች ባዳ የሚሉት ሰው በእናቱ በኩል ከዚያ ቤት ግማሽ ላይ ድርሻ ሊደርሰው ይችላል ማለት ነው፤ የጊዜ ገደብ ስላለው ግን እናቱ የወራሽነት ማረጋገጫ ሳትውል ሳታድር ትጠይቅ። መሬቱን በኑዛዜው ከመጻፍዎ በፊት የይዞታ ደብተርዎን ይዘው የወረዳውን መሬት አስተዳደር ያማክሩ፤ ቤትና ከብት የሚተላለፍበት ሕግ ከእርሻ መሬት ጋር አንድ አይደለም።

ጥያቄ 3

እንጅባራ ሱቅ ያለኝ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። አላገባሁም፤ በሕክምና ምክንያት መውለድ እንደማልችል አውቃለሁ። ሳላገባ ልጅ በጉዲፈቻ ማሳደግ ይፈቀድልኛል?

መልስ

ይፈቀድልዎታል። ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት እንዲሞላው ይጠየቃል እንጂ ማግባት አይጠየቅም። በኋላ ቢያገቡም ጉዲፈቻው ይቀጥላል፤ ባልዎም ከፈለጉ የእርስዎን ልጅ በጉዲፈቻ የራሳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ። ብቻዎን ስለሆኑ ማኅበራዊ ሠራተኛውም ዳኛውም ደጋግመው የሚጠይቁዎ፣ ዕቃ ለማምጣት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲወጡ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ እርስዎ ቢታመሙም ማን እንደሚይዘው ነው። እናትዎ ወይም እኅትዎ ይህን የሚሸከሙ ከሆነ ከማመልከትዎ በፊት አነጋግረዋቸው፣ በቀጠሮው ዕለት አብረውዎት ፍርድ ቤት ይገኙ።